ነፃው ጥገና ሲመዘን፦ የቫልቭ ሞላ ሪኮልና የዋሽንግተን አካባቢ ባለመኪና

በአሜሪካ «ሪኮል» የሚባለው አሠራር፣ ማለትም አንድ አምራች በሠራው ተሽከርካሪ ላይ ለደኅንነት የሚያሰጋ ጉድለት መኖሩን አምኖ ባለንብረቶችን በመጥራት ያለ ክፍያ የሚጠግንበት ሕጋዊ ግዴታ፣ ዘወትር የሚመዘነው ስንት መኪና ተጠራ፣ ከተጠራውስ ስንቱ ተጠገነ በሚሉ ሁለት ቁጥሮች ነው። ጥገናው ራሱ እንዴት ተሠራ፣ መኪናውስ ከጥገናው በኋላ ምን ሆነ የሚለው ሦስተኛ ጥያቄ ግን እምብዛም ሲነሣ አይሰማም። ይህ ጥያቄ ጎልቶ የወጣበት አንድ አጋጣሚ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 2018 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሱባሩ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ያወጀው የቫልቭ ሞላ ሪኮል ነው፤ ጉድለት የተገኘበት ዕቃ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ትንሽ ሞላ ሆኖ ሳለ፣ እርሱን ለመቀየር ግን ሞተሩ በሙሉ ከመኪናው መውጣት ነበረበት። ኑሯቸውን በመሪ ላይ የመሠረቱ በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚገኙባቸው በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ይህ ጉዳይ የመካኒኮች ወሬ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም።

ቫልቭ፣ በአገር ቤት ጋራዦች አጠራር ቫልቮላ፣ አየርና ነዳጅ ወደ ሞተሩ ሲሊንደር የሚገባበትን፣ የተቃጠለው ጭስም የሚወጣበትን ቀዳዳ የሚከፍትና የሚዘጋ የብረት ክዳን ነው። ክዳኑን ገፍቶ የሚከፍተው ካምሻፍት የተባለው እብጠቶች ያሉበት ዘንግ ሲሆን፣ ወደ ቦታው መልሶ የሚዘጋው ደግሞ በግንዱ ዙሪያ የተጠመጠመው ሞላ ነው፤ ስለዚህ ካምሻፍቱ የሚያዘው መክፈትን ብቻ ሲሆን መዝጋት ሙሉ በሙሉ በሞላው ጉልበት ላይ የተጣለ ነው። ባለአራት ምት በሚባለው ሞተር እያንዳንዱ ቫልቭ ሞተሩ ሁለት ጊዜ በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ ይከፈታል። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ በሚዞርበት ፍጥነት አንዱ ሞላ በሰከንድ 50 ጊዜ ይታመቃል፣ 50 ጊዜም ይፈታል ማለት ነው። ሱባሩ በጠራቸው ባለአራት ሲሊንደር ሞተሮች ላይ እንዲህ ያሉ ሞላዎች 16 ናቸው።

የሞላ ሽቦ የሚሰበረው በአንድ ጊዜ ከአቅሙ በላይ ስለተጫነ ሳይሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ መሐንዲሶች «የብረት ድካም» በሚሉት ሂደት ነው፤ ይኸውም ብረቱ በቀላሉ የሚችለው ጫና በሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገምበት በውስጡ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ተፈጥሮ ቀስ በቀስ እያደገ መጨረሻ ላይ ቆርጦ የሚጥለው መሆኑ ነው። ስንጥቁ መነሻ ይፈልጋል። ብረቱ ሲቀልጥ ሾልኮ በውስጡ የቀረ ባዕድ ቅንጣት፣ በተለይም ጠንካራ የኦክሳይድ ቅንጣት፣ መጠኑ ከአንድ ሚሊሜትር በመቶ የሚቆጠር ንዑስ ክፍል ቢሆንም እንኳ ጫናውን በአንድ ነጥብ ላይ አከማችቶ ያንን መነሻ ሊሰጥ ይችላል። ለረጅም ጊዜ በመሐንዲሶች ዘንድ አንድ ብረት 10 ሚሊዮን ዙር ጫና ተሸክሞ ካልተሰበረ ከዚያ በኋላ አይሰበርም የሚል የተለመደ መለኪያ ነበር፤ በኋላ የተደረጉ ምርምሮች ግን ከብረቱ ውስጠኛ ቅንጣት የሚነሣ ስንጥቅ ከዚህ ቁጥር በኋላም ሊገድል እንደሚችል አሳይተዋል። የዋሽንግተኑን አሽከርካሪ ወስዶ ማስላት ይቻላል፦ ሞተሩ በአማካይ በደቂቃ 2,000 ጊዜ እየዞረ በቀን ስምንት ሰዓት የሚሠራ መኪና እያንዳንዱን ሞላ በቀን 480,000 ጊዜ ያምቃል፤ 10 ሚሊዮኑን ዙር በ21 የሥራ ቀናት ይጨርሰዋል። ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚነዳ ባለንብረት ለመድረስ ብዙ ወራት የሚፈጅበትን ቁጥር የታክሲና የኡበር አሽከርካሪ ከወር በፊት ያልፈዋል።

የሱባሩ ሪኮል በዓይነቱ የመጀመሪያው አልነበረም። በሐምሌ 2010 ቶዮታ ከ2006 እስከ 2008 ባሉት ሞዴሎች ውስጥ ያሉ የሌክሰስ መኪናዎቹን፣ ከእነዚህም መካከል አይ ኤስ 350፣ ጂ ኤስ 350ና ኤል ኤስ 460 የተባሉትን፣ በቫልቭ ሞላቸው ሽቦ ውስጥ ባዕድ ነገር በመገኘቱ ጠርቶ ነበር፤ ቁጥራቸውም በመላው ዓለም 270,000 ገደማ፣ በአሜሪካ 138,000 ገደማ ነበር። ወቅቱ ለኩባንያው ክፉ ነበር። በየካቲት ወር የኩባንያው ፕሬዚዳንት አኪዮ ቶዮዳ በዋሽንግተን የተወካዮች ምክር ቤት ፊት ቀርበው ከፍላጎት ውጪ ስለሚፈጥኑ መኪኖች ተጠይቀው ነበርና፣ የሞላው ጉዳይ በዚያ ጩኸት ተውጦ ብዙም ሳይወራበት አለፈ። እነዚያ ሌክሰሶች ዛሬ በሦስተኛና በአራተኛ ባለቤት እጅ የሚገኙ፣ ዋጋቸው የወረደ፣ በአካባቢው ማኅበረሰብ ዘንድም «አይሞቴ» የሚል ስም ያላቸው መኪኖች ስለሆኑ፣ ጥሪው ተፈጽሞላቸው እንደሆነ ሳያጣሩ መግዛት እስካሁን አለ።

የ2018ቱ ሪኮል በዓለም ዙሪያ ከ400,000 በላይ ተሽከርካሪዎችን የነካ ሲሆን ከእነዚህ በአሜሪካ የነበሩት 165,000 ገደማ ናቸው፤ አብዛኞቹ ኢምፕሬዛና ክሮስትሬክ የተባሉ የሱባሩ የቤተሰብ መኪኖች፣ ቀሪዎቹ ደግሞ ቢ አር ዜድ የተባለችው ሁለት በር ሱባሩና መንትያዋ ሳየን ኤፍ አር-ኤስ ነበሩ። ኩባንያው የሰጠው ምክንያት ሁለት ነገሮችን አጣምሮ የያዘ ነው፦ በሞላው ላይ የሚያርፈው ጫና በንድፉ ጊዜ ከተገመተው የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል፤ በሽቦው ውስጥ ደግሞ ጥቃቅን ባዕድ ቅንጣቶች ነበሩ። ሞላው ሲሰበር ሞተሩ ያልተለመደ ድምፅ ያሰማል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም እየሄደ ድንገት ይጠፋል። ቤልትዌይ በሚባለው የ495 ቀለበት መንገድ ላይ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ በውድሮ ዊልሰን ድልድይ በኩል ወደ አሌክሳንድሪያ በሚወርደው ጎርፍ መሰል ትራፊክ መካከል ሞተር ሲጠፋ ምን ማለት እንደሆነ ለአካባቢው ነጂ ማስረዳት አያስፈልግም።

የሳየን ታሪክ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ሳየን ቶዮታ ለወጣት ገዢዎች የፈጠረው የንግድ ስም ሲሆን በ2016 ተዘግቷል፤ ኤፍ አር-ኤስን ግን ከሞተሩ ጀምሮ በጃፓን ጉንማ ግዛት በሚገኘው ፋብሪካው የሠራው ሱባሩ ነው። ሞተሩ «ቦክሰር» የሚባለው ዓይነት ነው፤ በሌሎች መኪኖች ፒስተኖቹ ቆመው ወደ ላይና ወደ ታች ሲሄዱ በዚህ ዓይነቱ ግን ተጋድመው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይመላለሳሉ፣ ስለዚህም ቴስታታ የሚባለው ቫልቮቹ የተተከሉበት የሞተር ራስ ከላይ መሆኑ ቀርቶ በሁለቱም ጎን ከመኪናው አካል ብረት ጋር ተጠግቶ ይቀመጣል። ኮፈኑን ከፍቶ ከላይ በመግባት ሞላውን መቀየር የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ለሳየን ባለቤቶች ጥገናው የተሰጠው በቶዮታ ዲለሮች ስለነበር፣ የካምሪና የኮሮላ ሞተር ሲሠሩ የኖሩ መካኒኮች በዘመናቸው ጥቂት ጊዜ ብቻ ያዩትን የሌላ ኩባንያ ሞተር አውርደው፣ የፊት ሽፋኑን ገልጠው፣ ካምሻፍቶቹን አንሥተው 16ቱን ሞላ እንዲቀይሩ ተጠየቁ። ይህ ከአሥር ሰዓት በላይ የሚፈጅ ሥራ ነው። አምራቹ ለዲለሩ የሚከፍለው የሥራ ሰዓት አስቀድሞ በሠንጠረዥ የተወሰነ በመሆኑ ደግሞ፣ ቀስ ብሎ አጥርቶ የሚሠራ መካኒክ የሚያተርፈው ነገር የለም።

ጣጣው የመጣው ሞተሩ ተመልሶ ሲገጠም ነው። የፊት ሽፋኑና የሞተሩ አካል የሚገናኙበት ዙሪያ እንደ ወረቀት የተቆረጠ ጋስኬት የለውም፤ ዘይት እንዳያፈስ የሚዘጋው በፈሳሽነቱ ተቀብቶ አየር ሲያገኝ በሚጠነክር ማጣበቂያ፣ ጋራዦች ሲሊኮን በሚሉት ነገር ነው። ቅባቱ ሲሳሳ ዘይት ወደ ውጭ ያንጠባጥባል፤ ሲበዛ ደግሞ ሽፋኑ በሚጠብቅበት ጊዜ ትርፉ ወደ ውስጥ ተጨምቆ ይወጣና በዘይት እየታጠበ ይቆረጣል። የተቆረጠው ፍርፋሪ ከዘይቱ ጋር ወርዶ ከታች በሚገኘው የዘይት መምጠጫ ወንፊት ላይ ይለጠፋል፣ ወይም በጠባብ የዘይት መተላለፊያ ውስጥ ይሰነቀራል፤ ከዚያ በኋላ ፓምፑ የሚስበው ዘይት ስለሚያንስ፣ ቢዬላ የተባለው የፒስተን ክንድ ከዋናው የሚሽከረከር ዘንግ ጋር በሚተሻሽበት ቦታ ያለው ስስ ልባስ ብረት ደርቆ ይበላል። ውጤቱ ከሞተሩ ሥር የሚሰማ የማንኳኳት ድምፅ ነው፤ ያ ድምፅ ከተሰማ በኋላ ሞተሩን በማስተካከያ ማዳን ከባድ ነው።

ከ2019 ጀምሮ በርካታ የኤፍ አር-ኤስና የቢ አር ዜድ ባለቤቶች ሪኮሉ ከተሠራላቸው በኋላ ሞተራቸው በዚህ መንገድ መጥፋቱን በመግለጽ አቤቱታ አሰምተዋል፤ የቡድን ክስ እስከ መመሥረትም ደርሰዋል። እዚህ ላይ ሚዛን መጠበቅ ያስፈልጋል። የተጠገኑት መኪኖች በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠሩ ናቸው፤ አብዛኞቹም ሥራቸውን ቀጥለዋል፤ አንዳንዶቹ ባለቤቶችም መኪናቸውን በውድድር ሜዳ ላይ የሚያስጨንቁ ስለሆኑ ለጠፋ ሞተር ሁሉ መካኒኩን ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም። ሆኖም ጉዳዩ ያጋለጠው ሐቅ አይካድም። ሞላው የመሰበር ዕድሉ ትንሽ የነበረ አንድ ጤነኛ ሞተር፣ ያንን ትንሽ ዕድል ለማስወገድ ሲባል በማያውቀው እጅ ተፈትቶ ሲገጠም፣ የቀድሞው ሥጋት በሌላ ሥጋት ሊተካ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ይኸው ነው፦ የሪኮል ሕግ ለባለንብረቱ የነፃ ጥገና መብት በሚገባ ሰጥቶታል፣ የጥገናውን ጥራት የሚከታተልበት ዓይን ግን ደካማ ነው።

የሕጉን አመጣጥ መመልከት ይህን ያስረዳል። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በመስከረም 1966 የፈረሙት ብሔራዊ የትራፊክና የተሽከርካሪ ደኅንነት አዋጅ አምራቾች ጉድለትን እንዲያሳውቁ ያስገደደ ሲሆን፣ ጥገናው በአምራቹ ወጪ እንዲሆን የተደነገገው በ1974 በተደረገው ማሻሻያ ነው። ሕጉን የሚያስፈጽመው ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር የተባለው መሥሪያ ቤት ዋና ቢሮው በዋሽንግተን ደቡብ ምሥራቅ፣ በኒው ጀርሲ ጎዳና ላይ ይገኛል። አምራቾች ለዚህ መሥሪያ ቤት በየሦስት ወሩ የሚያቀርቡት ሪፖርት ዋና ይዘቱ የተጠገኑ መኪኖች ቁጥር ነው። በዚህ መዝገብ ላይ ሲሊኮን በዝቶበት ከሁለት ወር በኋላ የነደደ ሞተርም፣ ንጹሕ ሆኖ የተሠራ ሞተርም እኩል «ተፈጽሟል» ተብለው ይቆጠራሉ።

በእርግጥ የሚበዛው ሰው ችግር ከዚህ ቀደም ብሎ ይጀምራል፤ ጥሪው አይደርሰውም። በተለምዶ ከሚጠሩት መኪኖች ሩብ ያህሉ ሳይጠገኑ ይቀራሉ። ማስታወቂያው የሚላከው በክፍለ ግዛቱ የተሽከርካሪ መዝገብ ላይ ባለው አድራሻ በፖስታ ስለሆነ፣ በሴሚነሪ መንገድ ካሉት የሳውዘርን ታወርስ ፎቆች ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ስፍራ የተዘዋወረ ተከራይ ደብዳቤውን ላያየው ይችላል፤ ቢያየውም በእንግሊዝኛ የተጻፈና ከዋስትና ሻጮች ማጭበርበሪያ ጋር የሚመሳሰል ስለሚመስለው ሳይከፍት ይጥለዋል። የፌዴራሉ ደንብ እውነተኛው ፖስታ ላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ዓርማ ያለበት ልዩ ምልክት እንዲታተም የሚያስገድደው ይህንኑ ለመለየት ነው። ከደብዳቤው ይልቅ አስተማማኙ መንገድ ቪን የሚባለውን፣ በፊት መስታወቱ ታችኛ ጥግ በሹፌሩ በኩልና በምዝገባ ወረቀቱ ላይ የሚገኘውን ባለ17 ፊደልና አኃዝ መለያ ቁጥር በመሥሪያ ቤቱ መፈለጊያ ውስጥ አስገብቶ ማየት ነው። ሜሪላንድ በ2015ቱ የፌዴራል ሕግ በተፈቀደ የሙከራ ድጎማ ያልተጠገነ ሪኮል ያለበትን ባለንብረት በተሽከርካሪ ምዝገባ ሥርዓቷ በኩል ማሳወቅ የጀመረች የመጀመሪያዋ ክፍለ ግዛት ናት። ቨርጂኒያ በየዓመቱ የምታስደርገው የደኅንነት ምርመራ ፍሬንን፣ ጎማንና መብራትን የሚያይ ነው እንጂ የሞተር ሆድ ከፍቶ ሞላ የሚቆጥር አይደለም፤ ስለዚህ ከመስታወቱ ላይ የተለጠፈው አዲስ ምልክት ስለ ሪኮል አንዳች ነገር አይመሰክርም።

መብቱ የሚከተለው መኪናውን እንጂ ባለቤቱን ስላልሆነ፣ አምስተኛው ገዢም እንደ መጀመሪያው ገዢ ያለ ክፍያ ይጠገንለታል፤ የአምራቹ ዋስትና ማለቁም አያግድም። ሕጉ ያስቀመጠው ገደብ የ15 ዓመት ነው፤ ቆጠራው ግን መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን ጥሪው እስከተላለፈበት ቀን ያለው ጊዜ እንጂ እስከ ዛሬ ያለው አይደለም፤ ስለዚህ በ2012 ተገዝቶ በ2018 የተጠራ ኢምፕሬዛ ዛሬ አርጅቷል ተብሎ መብቱን አያጣም። በሌላ በኩል የፌዴራሉ ሕግ አዲስ መኪና ያለ ጥገና እንዳይሸጥ ሲከለክል፣ ከ35 በላይ መኪና ያላቸው አከራዮችም ከ2016 ጀምሮ እንዳያከራዩ ሲያግድ፣ ያገለገለ መኪና ነጋዴ ግን ያልተጠገነውን እንዳለ መሸጥ ይችላል። አብዛኛው ስደተኛ መኪናውን የሚገዛው ደግሞ ከዚህ ከተተወው ገበያ ነው። በ2019 ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የሸማቾች ድርጅት በኒው ዮርክና በሲያትል አካባቢ ለኡበርና ለሊፍት ከተመዘገቡ መኪኖች ከስድስቱ በአንዱ ላይ ያልተፈጸመ ሪኮል ማግኘቱን ይፋ አድርጓል፤ ዋሽንግተን በጥናቱ ውስጥ ባትኖርም የሥራው ጠባይ ግን ያው ነው።

አሽከርካሪው ደብዳቤውን አንብቦም የሚዘገይበት ምክንያት ስንፍና አይደለም። ሕጉ ጥገናው ያለ ክፍያ ይሁን ይላል እንጂ መኪናው በዲለር ግቢ በቆመበት ጊዜ ለሚቀረው ገቢ ካሣ ወይም ለምትክ መኪና ግዴታ አይጥልም፤ ሞተር ለሚወርድበት ሥራ መኪናውን ለቀናት አስረክቦ የቤት ኪራይ ለሚጠብቀው ሰው «ነፃ» የሚለው ቃል ግማሹ ብቻ እውነት ነው። የአበሻ ጋራዦችም የሪኮል ሥራ በነፃ ሊሠሩ አይችሉም፣ ክፍያው የሚያልፈው በአምራቹ ዲለር በኩል ነውና፤ ነገር ግን ብዙ ሊያደርጉ የሚችሉት ነገር አለ። ለዘይት ቅያሪ የገባውን መኪና ቪን በስልክ አይቶ ለደንበኛው መንገር ሁለት ደቂቃ አይወስድም። ከሁሉም በላይ ደረሰኝ መጻፍ አለባቸው። ባለንብረቱ ሪኮሉ ከመታወጁ በፊት ያንኑ ጉድለት በራሱ ገንዘብ አስጠግኖ ከሆነ አምራቹ ገንዘቡን የሚመልስበት ሥርዓት በደንቡ ውስጥ ተቀምጧል፤ በጥሬ ገንዘብና በቃል የተሠራ ሥራ ግን ሰነድ ስለሌለው፣ ለሁለቱም ወገን የተመቸ መስሎ የነበረው አሠራር ገንዘቡን የሚያስቀረው በባለንብረቱ ላይ ነው።

አምራቾች ከሱባሩ ልምድ የተማሩ ይሁኑ ወይም በራሳቸው ሒሳብ የደረሱበት፣ ሌላ ዓይነት መፍትሔም ታይቷል። ፎርድ በነሐሴ 2024 ከ90,000 በላይ ብሮንኮ፣ ኤፍ-150ና ሌሎች የ2021ና የ2022 መኪኖችን የጠራው በፋብሪካ ሲመረት ከመጠን በላይ ሞቆ የተሰባሪነት ጠባይ ባመጣ የአየር ማስገቢያ ቫልቭ ምክንያት ነው፤ መፍትሔው ግን ሁሉንም ሞተር ፈትቶ ቫልቭ መለወጥ አልነበረም። ዲለሩ ሞተሩን በተወሰነ አሠራር አስጨንቆ ይፈትነዋል፤ የወደቀው ሞተር ይለወጣል፣ ያለፈው እንዳለ ይቀጥላል። የዚህ አካሄድ ድክመት ግልጽ ነው፣ አጠራጣሪው ዕቃ በሞተሩ ውስጥ እንዳለ ይቀራልና። ነገር ግን ጤነኛውን ሞተር ለሌላ ሰው እጅ ስሕተት አያጋልጥም። በሽቦ ውስጥ የተደበቀ ቅንጣት በፈተና የሚታይ ባለመሆኑ ሱባሩ በዚህ መንገድ ሊሄድ አይችልም ነበር የሚል ክርክር ቢነሣ ተገቢ ነው፤ ያም ቢሆን ከባዱን ሥራ ለሥራው በተለየ ሁኔታ ለሠለጠኑ ጥቂት ጋራዦች መስጠት፣ ወይም ሲጨርሱ የዘይት መያዣውን አውርዶ ወንፊቱን ማየትን የግዴታ አካል ማድረግ ይቻል ነበር።

ሕጉ ለባለንብረቱ የተዋቸው መሣሪያዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ለጥገና የቀረበ መኪና በ60 ቀናት ውስጥ በአግባቡ ካልተጠገነ፣ ይህ አምራቹ በተገቢው ጊዜ ግዴታውን ላለመፈጸሙ እንደ መነሻ ማስረጃ ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ መኪናውን መለወጥ ወይም ገንዘብ መመለስ ይከተላል። ሁለተኛው፣ የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ የአንድ ሪኮል መፍትሔ በቂ ስለመሆኑ ራሱ ምርመራ የመክፈት ሥልጣን ያለው ሲሆን፣ ምርመራው የሚቀሰቀሰው በአብዛኛው ከባለንብረቶች በሚደርሰው አቤቱታ ነው። ሁንዳይና ኪያ የሞተር ሪኮላቸውን አዘግይተዋል፣ አሳንሰውም አቅርበዋል በሚል የተጀመረው ምርመራ በኅዳር 2020 በድምሩ 210 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ የቅጣት ስምምነት ተጠናቋል፤ በዚያ ጉዳይ የሁንዳይን ምስጢር ያወጣው መሐንዲስ በቀጣዩ ዓመት ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሽልማት ተሰጥቶታል። የሞተሩን ድምፅ ልዩነት ከማንም በፊት የሚሰማው በቀን አሥር ሰዓት የሚነዳው ሰው ነው፤ በሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ቤቶች ስለ ሞተር የሚነገረው ዝርዝር ከማንኛውም የአቤቱታ ቅጽ የበለጠ የበለጸገ ነው። ቅጹን ለመሙላት የሚያስፈልገው ቪን፣ የተጓዘው ማይል፣ ሪኮሉ የተሠራበት ቀንና ጥገናውን የፈጸመው ዲለር የሰጠው ወረቀት ነው፤ መሥሪያ ቤቱም አቤቱታውን በስልክ ይቀበላል።